ኦፍሳይድ የሚለካው ካሜራ ዓይን ለምን አይለካም?

የሊቨርፑል ደጋፊ ሆኖ የኪየቭን ምሽት የረሳ የለም። ሜይ 26 ቀን 2018 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የአውሮፓ ቻምፒዮንስ ሊግ ፍፃሜ። መሐመድ ሳላህ ከሰርጂዮ ራሞስ ጋር ተያይዞ ወድቆ፣ ትከሻውን ይዞ እያለቀሰ ወጣ። ከዕረፍት መልስ 51ኛው ደቂቃ ላይ በረኛው ሎሪስ ካሪየስ በእጁ የያዛትን ኳስ ለተከላካዩ ሊወረውር ሲል ካሪም ቤንዜማ እግሩን ዘረጋ፤ ኳሷ እየተንከባለለች ገባች። 83ኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ ጋሬዝ ቤል ከሩቅ የለጋት ኳስ ከካሪየስ እጅ አምልጣ መረብ ውስጥ አረፈች። ሪያል ማድሪድ 3 ሊቨርፑል 1። ካሪየስ እጆቹን አጣምሮ ደጋፊውን እያለቀሰ ይቅርታ ሲጠይቅ ዓለም አየው። ዓለም ግን ይቅር አላለውም። ስድቡ፣ ቀልዱ፣ የተቀናበረው ፎቶ ለወራት አልቆመም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ወሬ ብዙ ሰው በግማሽ ጆሮ ነው የሰማው። ቤንዜማ ጎሏን ከማግባቱ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ የራሞስ ክርን ካሪየስን ፊቱ ላይ አግኝቶት ነበር። ከጨዋታው አምስት ቀን በኋላ በረኛው አሜሪካ ቦስተን በሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመረመረ። ሐኪሞቹ የጨዋታውን ፊልም አይተው፣ ልጁንም መርምረው፣ የአንጎል መናወጥ ወይም ኮንከሽን ደርሶበታል አሉ። ከምልክቶቹ አንዱ ዓይን የሚያየውን ነገር ቦታና ርቀት አንጎል በትክክል አለመገመቱ ነው። ይኼም ምናልባት ከግጭቱ በኋላ ወዲያው የጀመረ፣ በአጨዋወቱም ላይ ተፅዕኖ ሊኖረው የሚችል ነው ብለው በይፋ ተናገሩ።

"ሰበብ ነው!" ተባለ። የማድሪድ ደጋፊ ሳቀ፣ የዩናይትድ ደጋፊ ከሁሉም በላይ ሳቀ፣ የሊቨርፑል ደጋፊ ራሱ ግማሹ አላመነም። እውነት ለመናገር ማንንም መውቀስ አይቻልም። አምስት ቀን ቆይቶ የተደረገ ምርመራ 51ኛው ደቂቃ ላይ በልጁ ዓይን ውስጥ የነበረውን ነገር አይቶ ሊመሰክር አይችልም፤ ከምልክቱ ተነስቶ ይገምታል እንጂ። ያን ምሽት ስታዲየሙ በካሜራ ተከቦ ነበር። የራሞስን ክርን ከስንት አቅጣጫ አሳዩን። የካሪየስን ዓይን የለካ አንድም ካሜራ ግን አልነበረም።

ይሄ ምኞት ወይም የሳይንስ ልብ ወለድ እንዳይመስል። ዓይንን በቪዲዮ ካሜራ መለካት እግር ኳስ ራሱ ሲፈልግ የሚጠቀምበት ነገር ነው። በ2011 ክርስቲያኖ ሮናልዶ በአንድ ዘጋቢ ፊልም ላይ የዓይኑን እንቅስቃሴ የሚከታተል መነፅር አድርገውለት ከቀድሞው ተጫዋች አንዲ አንሳ ጋር አንድ ለአንድ አፋጥጠውት ነበር። ሮናልዶ አብዶውን ሲሰራ ኳሷን አፍጥጦ አያይም። ወደ እሷ ቶሎ ቶሎ ጣል ያደርግና ዓይኑ ወደ ተጋጣሚው ዳሌና ጉልበት፣ ከዚያም ሊያልፍበት ወዳሰበው ክፍት ቦታ ይሄዳል። አንሳ ደግሞ ዓይኑ ኳሷ ላይ ተተክሎ ነው የቀረው። ልዩነቱ እግር ላይ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

የሆላንድ ተመራማሪዎች በ2002 በረኞችን ላይ ተመሳሳይ ነገር ሞክረዋል። የፍፁም ቅጣት ምት ፊልም እያሳዩ ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ በካሜራ ሲከታተሉ፣ ጎበዞቹ በረኞች ዓይናቸውን ብዙ ቦታ አያንከራትቱም። ጥቂት ቦታ ላይ ረጋ ብለው ያያሉ፤ በተለይም ወደ መቺው እግሮች። ጀማሪዎቹ ግን ክንዱንም ደረቱንም ዳሌውንም ያያሉ። በ2009 ደግሞ በእንግሊዝ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ወደ መቺው ዞረ። ተጫዋቹ ሲጨነቅ ዓይኑ ቶሎ ወደ በረኛው ይሄዳል፣ እዚያው ይቆያል፣ ኳሷንም ወደ በረኛው አስጠግቶ ይመታል። ለእንግሊዞች የሪጎሬ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የሚገኝ አይመስልም።

እንግዲህ ኳስ ከእግር በፊት በዓይን ነው የሚጫወቱት። ለጎልና ለሪጎሬ ሲሆን የዓይን ካሜራው ይመጣል፤ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሣር ላይ ለተዘረጋው ልጅ ሲሆን ግን ወጌሻው ሮጦ ይገባና ጣቱን ያሳየዋል። "ይሄ ስንት ነው? የት ነው ያለነው? ማን ነው የሚመራው?" ከኪሱ ትንሽ ባትሪ ያወጣና ዓይኑ ላይ ያበራል። ከዚያ አውራ ጣት ወደ ላይ ይነሳና ጨዋታው ይቀጥላል።

ባትሪው ሞኝነት አይደለም፤ የቆየ የሕክምና ጥበብ ነው። በዓይን መሀል ያለችው ጥቁር ክብ፣ ብሌን የምንላት፣ ብርሃን ሲያርፍባት ትጠባለች፤ ሲጨልም ትሰፋለች። ከ2 ሚሊ ሜትር እስከ 8 ሚሊ ሜትር ድረስ ትለዋወጣለች። ሰውየው አያዛትም፣ ሊያስመስልም አይችልም፤ ትዕዛዙ የሚመጣው ከአንጎል ግንድ ነው። ስለዚህ አንደኛዋ ብሌን ብርሃን እያረፈባት አልጠብም ካለች ሐኪሙ ይደነግጣል፤ ምናልባት አንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ ነርቩን እየተጫነው ነው። ችግሩ እንዲህ በባትሪ በግልፅ የሚታየው ጉዳቱ ከባድ ሲሆን መሆኑ ነው። በኮንከሽን ጊዜ ብሌኗ ለተመልካች ደህና ልትመስል ትችላለች። ብርሃን ካረፈባት በኋላ መጥበብ የምትጀምረው ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ቆይታ ነው። መቶኛ ሰከንድ ብትዘገይ የትኛው ወጌሻ ነው በዓይኑ የሚያየው? እሱም በሰማንያ ሺህ ሰው ጩኸት መሀል፣ በስታዲየም መብራት ሥር፣ አሰልጣኙ ከጀርባው "ምን ሆነ? ምን ሆነ?" እያለ።

ካሜራው እዚህ ላይ ነው የሚበልጠው። መሣሪያው የሰው ዓይን በማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ብሌኗን ያበራታል። ዓይኑ ያንን ብርሃን ስለማያየው ብሌኗ አትረበሽም፤ ካሜራው ግን ጥርት አድርጎ ያያታል። ከዚያ አንዴ ደማቅ ብርሃን ብልጭ ይደረግና ምን ያህል እንደጠበበች፣ በምን ፍጥነት እንደጠበበች፣ ስንት ጊዜ ቆይታ መጥበብ እንደጀመረች፣ እንዴት ወደ ቦታዋ እንደተመለሰች በቁጥር ይወጣል። በፅኑ ሕሙማን ክፍሎች የሚሰራበት አንዱ መሣሪያ ውጤቱን ከ0 እስከ 5 ይሰጣል፤ ከ3 በታች ከሆነ ጤናማ አይደለም። "ደህና ይመስላል" የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛው ምርመራ የዓይን እንቅስቃሴ ነው፤ ለእግር ኳስ ደግሞ ይሄ ይበልጥ ይቀርባል። ሁለቱ ዓይኖች በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው እኩል መሄድ አለበት። እያንዳንዱን ዓይን ስድስት ጡንቻዎች ይጎትቱታል፤ ጡንቻዎቹን ደግሞ ከአንጎል የሚነሱ ሦስት ነርቮች ያዛሉ። አንጎል ሲናወጥ ይሄ ቅንጅት ሊዛባ ይችላል። ኡዝማ ሳማዳኒ የተባሉ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሰሩት ዘዴ ቀላል ነው። ተመርማሪው በስክሪን ዳር ዳር የምትዞር ትንሽ የፊልም መስኮት ለ220 ሰከንድ ያያል፤ ካሜራው ዓይኖቹን በሰከንድ 500 ጊዜ እያነሳ ሁለቱ አብረው መሄዳቸውን ያመዛዝናል። ጥያቄና መልስ የለም። ዲሴምበር 2018 ላይ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አይቦክስ የተባለውን ይሄንን መሣሪያ ኮንከሽንን ለመለየት ለሐኪም አጋዥ እንዲሆን ፈቀደለት። ካሪየስ ኪየቭ ላይ ከወደቀ ሰባት ወር በኋላ መሆኑ ነው።

መሣሪያው ተአምር ሰሪ አይደለም። ለፈቃዱ በቀረበው ጥናት ከ100 ኮንከሽን የደረሰባቸው ሰዎች 80 ያህሉን ይይዛል፤ 20ውን ይስታል። ባልደረሰባቸው ላይ ደግሞ ከ100 ወደ 34 የሚሆኑትን በስህተት "ተጎድታችኋል" ይላል። ከአምስት ፔናሊቲ አራቱን የሚያገባ ተጫዋች ጥሩ መቺ ነው ይባል ይሆናል፤ የሰው አንጎል ላይ ሲሆን ግን አምስተኛው ያስፈራል። ድካም፣ ጭንቀት፣ የጨዋታ ስሜት፣ መድኃኒት፣ ሁሉም ዓይንን ይለውጣል። ስለዚህ "ካሜራው ደህና ነው ካለ ይግባ" ብሎ ሕግ ማውጣት ዛሬ ካለው የባሰ ይሆናል። የካሜራው ጥቅም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መሆን አለበት። ካሜራው ችግር አለ ካለ ተጫዋቹ አይመለስም። ምንም የለም ካለ ደግሞ ውሳኔው ከሐኪሙ እጅ አይወጣም፤ ተጠራጥሮ ካስወጣው አስወጣው ነው።

ተጫዋቹ ራሱ "ደህና ነኝ" ማለቱማ ምን ይጠቅማል? ጁላይ 13 ቀን 2014 ማራካና ላይ የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ነበር። ሳሚ ኬዲራ ሲያሟሙቅ ተጎድቶ ወጣቱ ክሪስቶፍ ክራመር በድንገት ተሰለፈ። 17ኛው ደቂቃ ላይ ከአርጀንቲናው ኤዜኬል ጋራይ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ታየ፣ ተነሳ፣ ቀጠለ። ከዚያ ወደ ዳኛው ኒኮላ ሪዞሊ ሄዶ ይሄ ጨዋታ ፍፃሜው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ! ሪዞሊ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎት ነበር። ኋላ ለሽቫይንሽታይገር ነገረውና ልጁ 31ኛው ደቂቃ ላይ ደግፈውት ወጣ። 14 ደቂቃ ሙሉ በዓለም ትልቁ ጨዋታ ላይ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ሲሮጥ ነበር ማለት ነው። ኮንከሽኑን ያገኘው ሐኪም ሳይሆን ዳኛ ነው። የሚገርመው በክራመር ምትክ የገባው አንድሬ ሹርለ ነው 113ኛው ደቂቃ ላይ ለማሪዮ ጎትዘ ያችን ኳስ ያሻማት።

በዚያው ውድድር የኡራጓዩ አልቫሮ ፔሬራ ከራሂም ስተርሊንግ ጉልበት ጋር ተጋጭቶ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ሲነቃ አልወጣም ብሎ ወጌሻውን ተቆጥቶ ተመለሰ። ያኔ ብዙ ሰው ወኔውን አደነቀ። ኖቬምበር 29 ቀን 2020 ኤምሬትስ ላይ ዴቪድ ሉዊስና ራውል ሂሜኔዝ በጭንቅላት ተጋጩ፤ ሂሜኔዝ የራስ ቅሉ ተሰንጥቆ በቃሬዛ ወጣና ለወራት ከሜዳ ራቀ። ከዚያው ግጭት የተነሳው ሉዊስ ግን ጥያቄዎቹን መልሷል ተብሎ ደም ያዘለ ፋሻ ጭንቅላቱ ላይ ጠምጥሞ እስከ ዕረፍት ተጫወተ። ጁን 2021 ሙኒክ ላይ ፈረንሳይ ከጀርመን ስትጫወት ቤንዣማን ፓቫር ከሮቢን ጎዘንስ ጋር ተጋጭቶ ወደቀና ቀጠለ። ከጨዋታው በኋላ ራሱ ለ10 ወይም ለ15 ሰከንድ ያህል ራሴን ስቼ ነበር አለ። ከውድድሩ በፊት ቡድኖች ስለ ኮንከሽን ቃል ኪዳን ፈርመው ነበር። ፊርማው ምን ሰራ?

ሕጉ ጭራሽ አልተንቀሳቀሰም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። ዩኤፋ ከ2014 ጀምሮ ጭንቅላቱን ለተጎዳ ተጫዋች ጨዋታው እስከ 3 ደቂቃ እንዲቆም ፈቅዷል። የጨዋታ ሕግ አውጪው አይኤፍኤቢ ከ2021 ጀምሮ የኮንከሽን ተጨማሪ ቅያሪ አስሞከረ፤ በ2024 ውድድሮች ከፈለጉ እንዲጠቀሙበት ሕጉ ውስጥ አስገባው። ቅያሪው ግን ቋሚ ነው፤ የወጣ አይመለስም። ፍፃሜ ላይ 0 ለ 0 ሆኖ ምርጥ ተጫዋቹን "ምናልባት" በሚል ጥርጣሬ ለዘለቄታው የሚያስወጣ አሰልጣኝ እስቲ ይምጣ! የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ፣ የፈረንሳይ ሊግና የአሜሪካው ኤም ኤል ኤስ ጊዜያዊ ቅያሪ እንሞክር ብለው ጠይቀው ነበር። ጃንዋሪ 2023 ላይ አይኤፍኤቢ አይሆንም አላቸው። ራግቢ ተጫዋቹን ከ10 ደቂቃ በላይ ወደ ውስጥ ወስዶ ይመረምራል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ሰው ይገባለታል። የዓለም ራግቢ በ2021 የዓይን መከታተያ ካሜራንም ለዚሁ ምርመራ መሞከር ጀምሯል። እዚያ የሚጋጩት መቶ ኪሎ የሚመዝኑ ጎረምሶች ስለሆኑ ነው የሚል ካለ የሂሜኔዝን ፎቶ ይይ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የዩኤፋ 3 ደቂቃ 180 ሰከንድ ነው፤ የዓይን ካሜራው 220 ሰከንድ ይፈልጋል። ልዩነቱ 40 ሰከንድ! ለ40 ሰከንድ ነው ወይ እግር ኳስ እንዲህ የሚሰስተው? "ጨዋታው ይቀዘቅዛል" የሚለው መከራከሪያ ድሮ ያስኬድ ይሆናል። ዛሬ ተመልካቹ ቫር ሲፈትሽ መጠበቅን ለምዷል። ማርች 2025 በእንግሊዝ ኤፍ ኤ ካፕ በርንማውዝና ዎልቭስ ሲጫወቱ አንዲት ጎል ለመፈተሽ ወደ 8 ደቂቃ ተቁሟል። በ2022 ኳታር ላይ ለኦፍሳይድ ብቻ 12 ካሜራ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ በእያንዳንዱ ተጫዋች ሰውነት ላይ 29 ነጥብ በሰከንድ 50 ጊዜ ሲለካ ነበር። የጫማ ጫፍ ከመስመሩ አለፈ አላለፈ ለማለት! የብሌን ምላሽ ለመለካት ግን ያ ሁሉ ካሜራ አያስፈልግም፤ መልበሻ ክፍል ውስጥ አንዲት ጨለም ያለች ጥግና አንድ መሣሪያ ይበቃል።

"ማታለያ ያደርጉታል፣ ድካም ያለበት ሁሉ ጭንቅላቴን ይላል" የሚል ስጋትም አለ። ይሄ እንኳ በቁም ነገር ሊወሰድ ይገባል፤ ሞሪንሆን የመሰሉ አሰልጣኞች ባሉበት ዓለም ጊዜያዊ ቅያሪ እንደ ታክቲክ አይውልም ብሎ መማል አይቻልም። ነገር ግን ለዚህም ቢሆን ካሜራው ነው የሚሻለው። ተጫዋች መውደቅን ያስመስላል፣ ማነከስን ያስመስላል፣ ጣት ሲያሳዩት ሆን ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ብሌኑን ግን አዞ አያጠባትም። አሁን ያለው አሠራር በተቃራኒው ነው፤ ተጎድቶ ደህና ነኝ የሚለው ልጅ ሁሉን ያታልላል፣ ከሁሉ በፊት ራሱን።

የቀረው የገንዘብ ነገር ነው። ለፕሪሚየር ሊግ ክለብ መሣሪያው የአንድ ተጫዋች የሳምንት ደመወዝ አይሆንም። ወጌሻው ውሃና ስፕሬይ ብቻ ይዞ ለሚገባባቸው ሜዳዎች ግን፣ አገር ቤት ያሉትንም ጨምሮ፣ ሩቅ ነው። ለዚያም ቢሆን ተስፋ የሚሰጥ ጅምር አለ። በ2017 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፒውፒል ስክሪን ያሉትን የሞባይል ፕሮግራም ይፋ አድርገው ነበር። የስልኩ ፍላሽ ዓይን ላይ ያበራል፣ የስልኩ ካሜራ ቪዲዮ ይቀርፃል፣ ኮምፒውተሩ ብሌኗ በየቅፅበቱ ምን ያህል እንደሆነች ያሰላል። ያኔ የውጪው ብርሃን እንዳይረብሽ ስልኩን ዓይን ላይ በሚገጠም ሳጥን ውስጥ ነበር የሚያስገቡት። ሙከራው በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ስለሆነ ነገ ሜዳ ይግባ የሚያሰኝ አይደለም። ግን ስልክ ዛሬ በማን እጅ የለም? ኳሱን የሚቀርፀው ደጋፊ፣ ራሱ ወጌሻውም በኪሱ ይዞታል።

ካሪየስ ከኪየቭ በኋላ ለሊቨርፑል ዋና ቡድን የነጥብ ጨዋታ ዳግም አልተሰለፈም። በዚያው ክረምት አሊሰን ተገዛ፣ እሱም በውሰት ወደ ቱርኩ ቤሺክታሽ ሄደ። ፌብሯሪ 2023 ላይ የኒውካስል ማሊያ ለብሶ ዌምብሌይ ላይ ለካራባኦ ካፕ ፍፃሜ ሲቆም ቴሌቪዥኑ መልሶ መላልሶ ያሳየው የቤንዜማን ጎል ነው። የራሞስን ክርን ያሳየ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ48ኛው ደቂቃ አንድ ሰው ዓይኑ ላይ ካሜራ ይዞ ቢቆም ኖሮ፣ ወይ ልጁ ጉዳቱ ታውቆለት ወጥቶ ሁለተኛ በረኛው ሲሞን ሚኞሌ ይገባ ነበር፣ ወይ ደግሞ ምንም አልነበረበትም ተብሎ ስድቡን እንደ ማንኛውም የተሳሳተ በረኛ ይቀበል ነበር።